ከተማችን እየሰፋች ነው፣ ስብሰባው ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የጨፌው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ስሟን ልዝለለው። ሰዉ ሁሉ ይተዋወቃል፣ ነገ ለአንድ ፊርማ አባቴን እንዳያመላልሱብኝ። እኔ አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ለጥምቀት ስሄድ ግን ከተማዋ አዲስ መዋቅራዊ ፕላን እየተሠራላት ነው። ረቂቁ ማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተለጥፏል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነዋሪው ተጠርቶ አስተያየት ይሰጣል ተብሏል።

ሄጄ አየሁት። ያምራል፣ ባለቀለም ነው። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ። ከዚያ ልጅ ሆነን ከብት የምንጠብቅበትን ጨፌ ፈልጌ ሳገኘው ቢጫ ተቀብቷል። ክረምት ላይ እኮ እዚያ ሰው አይራመድም፣ እግር ይውጣል። የቅዳሜ ገበያው ደግሞ ቀይ ሆኗል፣ ፎቅ ሊሠራበት ነው መሰለኝ፣ ገበያው ራሱ ከከተማ ወጥቶ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ተገፍቷል። ከገጠር ሁለት ዶሮና አንድ ፌስታል እንቁላል ይዛ የምትመጣ ሴት በእግሯ ስምንት ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ልትጨምር ነው ማለት ነው።

ውሃው አሁንም አልበቃንም። ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ እሱም ሌሊት። እናቴ የሮቶውን ክዳን ከፍታ ነው የምትተኛው፤ ውሃው ሲወርድ ድምፁ ይቀሰቅሳታል፣ ተነስታ ጄሪካን ትሞላለች።

አሁን የሚያስቸግረኝ ነገር። አባቴ "ይሥሩት፣ እናንተ ልጆች ወደ አዲስ አበባ የጠፋችሁት እዚህ ምንም ስለሌለ ነው" ይላል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሃያ አራት ሆነው በቤት ማኅበር ተደራጅተው ስድስት ዓመት ቦታ እየጠበቁ ነው፣ የሚሰጣቸውም እዚያው ጨፌው ላይ ነው ይባላል። እኔ ተነስቼ "ጨፌው አይነካ" ብል የገዛ ዘመዴን ቤት ከለከልኩ ማለት ነው። ለዚያውም እኔ እዚያ አልኖርም!

እንዲህ ያለች ከተማ ሳትበላሽ የምታድገው እንዴት ነው? ስብሰባው ላይ ሰው ተነስቶ "መብራት የለም፣ መንገድ የለም" ነው የሚለው፣ ልክ ነው፣ ግን ያ ሁሌም ይባላል። ፕላን ላይ በተለይ የሚጠየቀው ምንድን ነው?

ሜትር ይዤ፦

የከተማ ፕላነር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት፣ ሦስት ማዘጋጃ ቤት። በመጀመሪያ ረቂቁን ሄደህ ማየትህ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው ስብሰባ የሚገባው ሳያየው ነው፤ የታሸገ ውሃውን ጠጥቶ፣ አጨብጭቦ ይወጣል፣ እኛም ቃለ ጉባኤ ላይ "ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ደግፎታል" ብለን እንጽፋለን። አዎ፣ እኔም ጽፌያለሁ።

በአዋጅ 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ዕድሜው አሥር ዓመት ነው። ከመጽደቁ በፊትም ነዋሪውን ማወያየት በአዋጁ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ስትጠይቅ እየለመንክ አይደለም።

እኔ ብሆን ስለ ቀለሙ ብዙ አልከራከርም። የምጠይቀው ቅደም ተከተሉን ነው። ቢጫው መቼ ነው የሚሸነሸነው? ከዚያ በፊት ውሃው ከየት ይመጣል? አሁን ያለው ጉድጓድ ለስንት ሰው ነው የተቆፈረው፣ ፕላኑስ ስንት ሰው ይጨምራል? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ንገሩኝ በል። ፕላነሩ ወረቀት ማገላበጥ ከጀመረ ጥያቄህ ደርሷል ማለት ነው።

የማዘጋጃ ቤት ገመና ልንገርህ። ትንሽ ከተማ የራሷ ገቢ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ጠቀም ያለ ብር በአንድ ጊዜ የምታየው መሬት በሊዝ ስታወጣ ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን መሸንሸን ገቢ ነው፣ መሃል ያለውን የተጎሳቆለ ሰፈር ማሻሻል ወጪ ነው። በጀት ሲያጥር "እስቲ የት ባዶ ቦታ አለ?" ተብዬ ሜትር ይዤ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። የሊዙ ቅድሚያ ክፍያ ግን ለደመወዝና ለነዳጅ ያልቃል፣ ቧንቧው፣ ፖሉ፣ መንገዱ፣ ቆሻሻ ማንሳቱ በየዓመቱ ይጠይቅሃል። ከተሞቻችን የሚሰፉት ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፣ መስፋት ስለሚያበላ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ረቂቁ 500 አዲስ መኖሪያ ቦታ ይላል እንበል፣ እያንዳንዱ 200 ካሬ። ይሄ ብቻውን 10 ሄክታር ነው። በእኛ አሠራር ደግሞ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 ለግንባታ ነው የሚባለው። ስለዚህ 25 ሄክታር ትፈልጋለህ። በእናንተ አገር አነጋገር መቶ ጥማድ ገደማ። ለ500 ቤተሰብ መቶ ጥማድ! የአጎትህ ልጅ ማኅበር ሃያ አራቱም በየፊናቸው 200 ካሬ ከሚወስዱ ጂ ፕላስ ቱ ቢሠሩ፣ በአንድ ወለል ስምንት ቤት፣ ግቢውንና ልጆች መጫወቻውን ጨምሮ 1,500 ካሬ ይበቃቸዋል፣ ለዚያውም መሃል ከተማ፣ ቧንቧውና መብራቱ ካለበት። ችግሩ ሁሉም ሰው የራሱ አጥር፣ የራሱ በር፣ የራሱ ውሻ ይፈልጋል። አልፈርድም፣ እኔም ያለኝ እንደዚያው ነው።

ስለ ጨፌው፦ አፈሩ ጥቁር ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ቤቱን ይዞት ይንቀሳቀሳል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ብትቆፍር ነሐሴ ላይ ከሥር ውሃ ይሞላዋል። መሠረቱ ላይ የሚፈሰው ብረትና ሲሚንቶ "ርካሽ ቦታ አገኘሁ" ያለውን ሰው ያስለቅሰዋል። ይሄን ለዘመድህ ንገረው፣ ጠላት አትሆነውም።

አንድ የመጨረሻ። ፕላኑ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሁሉ በስልክህ ፎቶ አንሳው። መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው፣ ባለቤትም አጥርም የለውም። ለጊዜው ተብሎ አሸዋ ይደፋበታል። ከዚያ ለተደራጁ ወጣቶች ኮንቴይነር ይቀመጣል። ከዚያ ኮንቴይነሩ ካርታ ያወጣል።

አራተኛ ፎቅ፦

"ኮንቴይነሩ ካርታ ያወጣል" 😂 ሳቄን አልቻልኩም፣ ግን እውነት ነው።

ቅደም ተከተል ያልከው ነገር ውስጤ ገባ፣ ምክንያቱም እኔ የኖርኩት እሱን ነው። ኮንዶሚኒየም አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር መሃል አካባቢ የተሠሩ ነበሩ፣ እንደ ገርጂ ያለው። በኋላ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እየተባለ ወደ ዳር ወጣ። እኔ ከዳሮቹ በአንዱ ነው የደረሰኝ። ዕጣው ሲወጣ እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። ስገባ ግን ቤቱ ቀድሞ ነው የመጣው፣ ሌላው ሁሉ ገና መንገድ ላይ ነበር። ውሃ በቦቴ። ትምህርት ቤት ሁለት ታክሲ ርቆ። ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ነበር፣ እኛ ጋ ዝር አላለም። ባለቤቴ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፣ ልጃችን አባቷን የምታየው እሑድ ነበር። ከኛ ብሎክ ግማሹ ባለዕጣ ቤቱን አከራይቶ መሃል ከተማ ተመልሶ ተከራየ። አይፈረድበትም።

ደግሞ ኮሚናል የሚባል ነገር አለ፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት። ሲነደፍ ያሰበው ሰው እንዴት እንደምንኖር ያውቃል፣ ይባረክ። የእኛው ኮሚናል ግን ተከራይቶ ጂም ሆነ። ለፋሲካ በጋችንን መኪና ማቆሚያው ላይ አርደን ደሙን በጄሪካን ውሃ ስናጥብ ከውስጥ ሙዚቃው ይደበድባል።

ሰፈሩን ሰፈር ያደረገችው ግን ጉልት የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ናት። ጃንጥላ ዘርግታ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች። ፕላን ላይ የለችም። ቁልፋችንን እሷ ጋ ነው የምንተወው፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ "እማማ ቁልፍ" ብላ ተቀብላ ትገባለች። ሁለት ጊዜ ደንብ አስከባሪ አስነስቷት ሁለት ጊዜም ተመልሳለች። ስለዚህ ወንድሜ፣ ገበያችሁን አራት ኪሎ ሜትር አታስገፉ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት በባጃጅ አራት ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚያስከፍል ስብሰባው ላይ ጠይቅ፣ ያ ብር ሽንኩርቱ ላይ ነው የሚጨመረው።

ዲግሪ በኪሴ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ለጨፌ ታዝናላችሁ። እኔ የምኖረው እንደዚያች ባለች ከተማ ነው። ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ተነስቼ አንድ ማኪያቶ ለሦስት ተካፍለን አስፋልት ዳር እንቀመጣለን፣ የሚያልፍ መኪና እንቆጥራለን። ፋብሪካ ይምጣ፣ የፈለገውን ቀለም ይቀቡት። የጠያቂው አባት ናቸው ልክ።

ሐይቅ ዳር፦

ዲግሪ በኪሴ፣ ልክ ነህ፣ ማንም ሥራ አይምጣ አላለም። እኔ ሐዋሳ ነኝና የኛን ልንገርህ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ነው። 60,000 ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነው የታሰበው። አብዛኛዎቹ የመጡት ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ከየገጠሩና ከየትንሹ ከተማ። ሼዱ ዘመናዊ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ሳይቀር ታስቦበታል፣ ይሄ የሚመሰገን ነው። ልጆቹ የት ያድራሉ የሚለው ግን ወደ ኋላ ቀረ። የት አደሩ? እኛ ግቢ። ሁለት ሰርቪስ ክፍል አለኝ፣ ስለዚህ አልዋሽም፣ እኔም ተጠቅሜያለሁ። አንዷን ክፍል አራት ሆነው ተከራዩ። ሁለቱ የቀን ሽፍት፣ ሁለቱ የማታ። ፍራሹ ሁለት ነበር፣ አይቀዘቅዝም ነበር። አንዷ ከሥራ ስትገባ ሌላዋ ጫማ እያሰረች ትወጣለች። ኪራይ ሲጨምር ደግሞ ከደመወዛቸው ምን ይተርፋል? ብዙዎቹ ጥለው ወደ ቤተሰብ ተመለሱ፣ ፋብሪካው ሌላ ያሠለጥናል፣ እሷም ትሄዳለች።

ከዚያ በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ወጣን። ትልልቅ ገዢዎች ሲሄዱ ክፍሌ ባዶዋን ቀረች፣ የሰፈሩ ሱቅም ዱቤውን ሳይሰበስብ። አንድ እግር ላይ የቆመ ነገር እንዲህ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ሲመጣላችሁ አጨብጭቡ፣ ግን "ሠራተኛው የት ይተኛል?" ብላችሁ መሬቱ ሳይተላለፍ ጠይቁ። ከፋብሪካው ሌላ ደግሞ የእንጨት ሥራውም፣ ወፍጮውም፣ የበግ ማድለቡም ፕላኑ ላይ ቦታ ይኑራቸው፣ ትንሹ ሥራ ነው ክፉ ቀን የሚያሳልፈው።

ጋሽ ድሬ፦

ልጆች፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የጨፌውን ነገር ሳነብ ደቻቱ ነው የመጣብኝ። ድሬዳዋን የማታውቁ ካላችሁ፣ ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፣ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ይዘረጋበታል፣ መኪና ያቋርጠዋል። ሰው ይለምዳል። ዳሩ ላይ ቤት ይሠራል፣ ቤቱ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ውሃ ግን መንገዱን አይረሳም። በ1998 ክረምት ሌሊት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ጠዋት ላይ ያየሁትን አልጽፈውም።

ሁለተኛ፣ ሐሮማያ ሐይቅ። በልጅነቴ በመኪና ስናልፍ መስኮት ከፍተን ነፋሱን የምንቀበልበት ነበር። ሐረር ከተማ የምትጠጣው ከእሱ ነበር። ዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና ድንቹን በሞተር ያጠጣበታል፣ ከተራራው አፈር ታጥቦ ይገባበታል። ደረቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት ይሄድበት ነበር። ሐረር ውሃ ፍለጋ ቧንቧዋን ወደ ድሬዳዋ ገጠር ድረስ ዘረጋች። በኋላ ውሃው እየተመለሰ ነው ሲባል ሄጄ አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ግን ማን አደረቀው ብትሉኝ ስሙን የምጠራው ሰው የለኝም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የወሰደው።

እና ልጄ፣ ያ ጨፌ የክረምቱን ውሃ ይዞ በጋ ላይ የታች ምንጮችን የሚያጠባ ሊሆን ይችላል። ከታች ምንጭ አለ? አባትህን ጠይቅ፣ ሽማግሌ ያውቃል።

የገበሬው ልጅ፦

ማንም ያላነሳው ነገር፣ ያ ቢጫ ቀለም ሰው ላይ ነው የተቀባው።

የእኛ መሬት ወደ ከተማ ሲገባ አባቴ ካሣ የተቀበለው በድሮው ሕግ ነው፣ የአምስት ዓመት አማካይ ምርት ተሰልቶ በአሥር ይባዛ የነበረ ጊዜ። በአዋጅ 1161/2011 ተሻሽሏል፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። በ2016ም ማሻሻያ ወጥቷል፣ እሱንም አንብቡት። ይሻላል፣ አልክድም። ግን ብር ብር ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ያለ ብር በአንድ ጊዜ ይዞ አያውቅም። ከአጎቴ ጋር ሁለተኛ እጅ ሚኒባስ ገዙ። መሪውን ሲይዝ ብታዩት እርፍ እንደያዘ ሰው ተጎንብሶ ነበር። ሁለት ዓመት አልሞላም፣ ሞተሩ ነደደ፣ የቀረው ለጋራዥ ሄደ። አሁንም ጠዋት ወጥቶ ሰማይ ያያል፣ "ዘንድሮ ጥሩ ይዘንባል" ይላል። ምን ሊዘራበት?

ስለዚህ ሐሙስ ስትሄድ ሁለት ነገር ጠይቅልኝ። ሕጉ ባለይዞታው አቅም ካለው መሬቱን ራሱ በፕላኑ መሠረት ለማልማት ቅድሚያ አለው ይላል፣ ይሄ ለጨፌው ዙሪያ ገበሬዎች ተነግሯቸዋል ወይ? ሁለተኛ፣ ከካሣው ሌላ የሚቋቋሙበት ምን ተዘጋጅቷል? "ይዘጋጃል" ካሉህ ቀን አስቀምጡ በላቸው። ደግሞ ገበሬዎቹ ስብሰባው ላይ መጠራታቸውን እይ። እኛ ጋ የተጠራው የከተማው ሰው ብቻ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ የምጨምረው አጭር ኑዛዜ ነው። በየከተማችን ዳር ተጀምረው መስኮታቸው በቆርቆሮ ተመትቶ የቀሩ ቤቶች ታያላችሁ? አንዱ የኔ ነው። ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ በወንድሜ በኩል አሠራሁት፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንድም ሰው አድሮበት አያውቅም። መብራቱ ደርሶታል፣ ቧንቧው ደርሶታል። የጠያቂው እናት ሌሊት ተነስተው ጄሪካን የሚሞሉበትን አነበብኩና ማስታወሻ ልተውላችሁ ብዬ ነው። ለወንድሜ ዛሬ ደውዬ አከራየው ብዬዋለሁ።

የጨፌው ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዲግሪ በኪሴ፣ አልተቀየምኩህም፣ ማኪያቶውን ስመጣ እኔ ነኝ የምጋብዘው።

ትናንት ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጨፌው በቀጥታ አልጀመርኩም፣ ጋሽ ድሬ እንዳሉት ከታች ምንጭ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ሦስት ነበሩ" አለ። አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ጠበል ነው፣ አሁንም ይፈሳል። ሁለተኛው የከተማው የውሃ ጉድጓድ የተቆፈረበት አጠገብ ነው። ሦስተኛው ያለፈው ዓመት ከጨፌው ጫፍ አፈር ተቆርጦ ለመንገድ ሲወሰድ ጠፍቷል፣ ማንም ልብ አላለውም፣ እሱ ግን በጎቹን እዚያ ስለሚያጠጣ ያውቃል።

የአጎቴ ልጅ የፎቁን ሒሳብ ሳሳየው መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ "መሃል ከተማ ከሆነ ከሃያ አራቱ አሥራ አምስቱ እሺ ይሉኛል፣ ሽማግሌዎቹ ደረጃ አንወጣም ይላሉ" አለኝ። ምድር ቤቱን ለእነሱ ስጧቸው አልኩት። ሊነግራቸው ነው።

ፎቶውን እህቴ ሄዳ አንስታልኛለች። የተለጠፈው ፀሐይ መቶት አረንጓዴው ወደ ቢጫ እየሄደ ነው፣ ሜትር ይዤ ይሄን ቢያይ ምን ይል ይሆን። ረቡዕ ማታ እነሳለሁ። አባቴም ሐሙስ አብሬህ እገባለሁ ብሏል፣ የሚናገረውን ግን አልነገረኝም።